ለእኔ ሲሉ ስኳር ተዉ

ይህን የምጽፈው ሰውነቷ ላይ እብጠት አግኝታ፣ ውጤቱ ተነግሯት፣ ቤቷ ገብታ «ከእንግዲህ ምን ልብላ?» ብላ ለምትጨነቅ ሴት ነው። ለወንድም ይሆናል። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ ስጽፍ ግን ማንም ፊቴን ስለማያይ ይሻለኛል። ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ እኔ ላይ የደረሰውን ብቻ ነው።

ስሜ አስቴር ነው። ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ከታላቅ እህቴ ከታደለች ጋር እኖራለሁ። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከመታመሜ በፊት መሃል ከተማ አንድ ጁስ ቤት እሠራ ነበር። ጓዳ ሆኜ አቮካዶና ማንጎ እልጣለሁ፣ ፓፓያ እቆርጣለሁ፣ ስኳር እለካለሁ፣ ብርጭቆ አጥባለሁ። ደንበኛ ፊት መቆም ስለማልወድ ጓዳው ተስማምቶኝ ነበር።

እብጠቷን ያገኘኋት እዚያው ነው። ላቤን ስጠርግ እጄ አንገቴን ነካ፤ በግራ በኩል፣ ከትከሻዬ አጥንት ከፍ ብሎ፣ ባቄላ የምታህል ነገር ቆዳዬ ሥር ተንሸራተተች። አታምም። አለማመሟ አታለለኝ። ቀስ እያለ ሰውነቴን ያሳክከኝ ጀመር፤ ሌሊት ስነቃ አንሶላዬ በላብ ርሶ ውሃ የደፉበት ይመስላል። የሐዋሳ ሙቀት ነው እያልኩ ለማንም አልተናገርኩም።

ታደለች ፀጉሬን ስትሠራኝ እብጠቷን አየች። በማግስቱ እጄን ይዛ አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ቶንሲል ነው ተባልኩና እንክብል ዋጥኩ። እብጠቷ ጓደኛ አፈራች። ሌላ ክሊኒክ ሄድን፤ የዕጢ ቲቢ ነው ብለው ረጅም መድኃኒት አስጀመሩኝ። በታማኝነት ዋጥኩ። እብጠቶቹ ግን እንደ ወይን ዘለላ ተያይዘው ሸሚዜ አልቆለፍ አለ። ያኔ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተላክን። ከአንገቴ ቆርጠው ናሙና ወሰዱ፤ ናሙና ማለት ለምርመራ የሚወሰድ ትንሽ ሥጋ ነው።

ውጤቱን የነገረን ወጣት ዶክተር ነበር። ሊምፍ የሚባሉ፣ ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቁ ትናንሽ ዕጢዎች እንዳሉ፣ የእኔ ካንሰር ከእነሱ መነሣቱን አስረዳን። «ይሄኛው ዓይነት ለመድኃኒት ይታዘዛል። ኬሞውን በሰዓቱ ከወሰድሽ ተስፋው ጥሩ ነው፤ ዋናው ነገር አለማቋረጥ ነው» አለ። እኔ የሰማሁት ካንሰር የሚለውን ብቻ ነው። የቀረውን ታደለች ናት ቤት ከገባን በኋላ የነገረችኝ። እየነገረችኝ ግን ድምጿ ይንቀጠቀጥ ስለነበር አላመንኳትም።

የመጀመሪያዎቹን ኬሞዎች በሰዓቱ ወሰድኩ። ማቅለሽለሽ ነበረው፣ ፀጉሬም ረገፈ፤ እብጠቱ ግን መቀነስ ጀመረ። መከራዬ የመጣው በሌላ በኩል ነው።

አንድ ቀን ታደለች ስልኳን ይዛ እየሮጠች ገባች። ስልኩ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ይናገራል። «የካንሰር ምግቡ ስኳር ነው። አስርቡት፣ ይሞታል» ይላል። ዳቦም ድንችም ፍራፍሬም ሆድ ውስጥ ገብተው ስኳር ይሆናሉ ይላል። ታደለች ደጋግማ ከፈተችው። እኔ ደግሞ ጓዳው ታየኝ። ስኳር ስለካ ማንኪያው ላይ የቀረውን በጣቴ እየጠረግኩ እልስ ነበር፤ ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ የዘወትር ልማዴ ነው። ያ ሁሉ የላስኩት ስኳር አንገቴ ላይ ተጠራቅሞ ያበጠ መሰለኝ። እጄ አንገቴን ትቶ አልወርድ አለ።

«አየሽ?» አለች ታደለች። «እኛ ነን የቀለብነው! ከዛሬ ጀምሮ ግን አያገኛትም።»

መጀመሪያ ስኳር ወጣ። ቀጥሎ ሙዝና ማንጎ፣ ቀጥሎ ዳቦ፣ ድንች፣ በመጨረሻም ቆጮ። ቆጮ ሲከለከል ሆዴ ባባ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያደግኩበት ምግብ ነው። የተረፈኝ ጎመንና እንቁላል ነበር። እንቁላሉ ከኬሞው ጋር ሽታው አልስማማኝ ሲል ጎመን ብቻ ቀረ።

ሐዋሳ ውስጥ ሕመምተኛ ሊጠይቅ ባዶ እጁን የሚመጣ ሰው የለም። ብርቱካን ይመጣል፣ ሙዝ ይመጣል፣ የታሸገ የማንጎ ጁስ ይመጣል። ታደለች «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብላ በፊት ለፊት በር ትቀበላለች፤ በጓሮ በር ለጎረቤት ልጆች ታድላለች። የሰፈሩ ልጆች በእኔ ሕመም ወፈሩ። እኔ መኝታዬ ላይ ሆኜ የብርቱካኑ ልጣጭ ይሸተኛል፤ ምራቄን ውጬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።

ረቡዕ ረቡዕ የጸሎት ኅብረታችን ሴቶች እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። ትልቋ እማማ ዳራሬ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ ነው የሚኖሩት፤ ጉልበታቸውን እያመማቸው በባጃጅ ይመጣሉ። ከጸሎት በኋላ ታደለች ሻይ ታቀርባለች። የዚያን ቀን ለሁሉም ስኳር ያለበት፣ ለእኔ ባዶውን ሰጠችኝ።

«የአስቴር ለምን ስኳር የለውም?» አሉ እማማ ዳራሬ።

ታደለች የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው። እማማ ዳራሬ ብርጭቆአቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«እንግዲያው እሷ ያልቀመሰችውን እኔም አልቀምስም። ይቺ ልጅ እስክትድን ስኳር አፌ አይገባም። ከእኔ ጋር ማን አለ?»

አንድ በአንድ ሁሉም ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። አንዷ ብቻ የእኔን ባዶ ሻይ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። «ጌታ ሆይ፣ ይሄ ሻይ ነው ወይስ ኮሶ?» አለች። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። በኋላ ግን መኝታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው ለእኔ ብሎ ምንም ነገር ትቶ አያውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየረቡዑ ሁሉም መራራ ሻይ እየጠጡ ስለ እኔ ይጸልያሉ። እኔ ደግሞ ተርቤያለሁ ማለት አልቻልኩም። ምን ብዬ?

ለቀጣዩ ኬሞ ስሄድ ከመድኃኒቱ በፊት ሚዛን ላይ አወጡኝ፣ ደሜንም መረመሩ። ዶክተሩ ወረቀቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ክብደትሽ በጣም ወርዷል። ደምሽም አነስተኛ ነው። በዚህ አቅምሽ መድኃኒቱን ብሰጥሽ ይጎዳሻል። ምግብ ትበያለሽ?»

ወለሉን አየሁ።

«በደንብ ትበላለች፤ እኔ ራሴ ነኝ የማበላት» አለች ታደለች። አልዋሸችም። እሷ እንደገባት በደንብ ነበር የምታበላኝ።

«እሺ፤ በርትታ ትብላና በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ።»

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ዶክተሩ አታቋርጪ ማለቱ፣ ታደለች ከነገረችኝ ወዲህ ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። መድኃኒቱ በቀረባት በእያንዳንዷ ቀን እብጠቱ ተመልሶ የሚያድግ ይመስለኛል። ስነቃ መጀመሪያ የምነካው አንገቴን ነው። ታደለችም ፈርታ ነበር፤ ስለዚህ ይበልጥ አጠበቀች። ጎመኑ ውስጥ ያለችውን ሽንኩርት እንኳ «ይሄም ይጣፍጣል» ብላ ተወች።

በቀጠሮው ቀን ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነበር። አጠገባችን ያሉ ባልና ሚስት ከወላይታ የመጡ ናቸው፤ ባልየው ሙዝ ልጦ ሚስቱን በትንሽ በትንሹ ያጎርሳታል። ዓይኔን ከሙዙ ላይ ማንሳት አቃተኝ። ከዚያ የአዳራሹ ድምፅ ራቀ፣ እጆቼ ቀዘቀዙ። የማስታውሰው ታደለች ስሜን ስትጠራ ነው።

ስነቃ አልጋ ላይ ነኝ። ክንዴ ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ ከላይ የውሃ ከረጢት ተሰቅሏል። የኬሞ ክፍሉ ሲስተር ጣቴን ወግታ ደሜን ለክታ ነበር። «ስኳሯ ወርዶ ነው። ግሉኮስ ሰቅዬላታለሁ፣ አሁን ትነቃለች» ስትል ይሰማኛል።

ታደለች ጮኸች። «ግሉኮስ? ግሉኮስ ስኳር ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ንቀዪላት! ንቀዪላት አልኩሽ! ስንት ወር ያስራብነውን ልትቀልቢው ነው?» እጇን ወደ ቱቦው ሰደደች። ሲስተሯ በትከሻዋ አገደቻት። የተጠባባቂዎቹ ሁሉ አንገት ወደ እኛ ዞረ። ያ ባል ሙዙን በአየር ላይ እንደያዘ ቀረ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሲስተሯ ታደለችን አልተቆጣችም። ወንበር አምጥታ አስቀመጠቻትና ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ዛሬ ጠዋት ምን በላሽ?»

«ጎመን።»

«ከጎመን ጋርስ?»

«ጎመን።»

«ትናንት ማታስ?»

ዓይኔን ወደ ታደለች አዞርኩ። ገባት።

ታደለች እያለቀሰች የሰውዬውን ቪዲዮ አሳየቻት። ሲስተሯ ትንሽ አይታ ስልኩን መለሰችላት።

«ይሄ ሰውዬ ሐኪም ነው ያለሽ ማነው?»

«ነጭ ጋዋን ለብሷል።»

«ልኳንዳ ቤት ሥጋ የሚቆርጠውም ነጭ ጋዋን ይለብሳል፣ እህቴ።»

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችን። ካንሰር ስኳር ይጠቀማል መባሉ ውሸት አይደለም፤ ግን ልብም አንጎልም ጡንቻም ይጠቀሙበታል። ስኳር ብናቆም ሰውነት ከሌላ ምግብ ይሠራዋል። ምግብም ካጣ የገዛ ሥጋውን እያቀለጠ ይጠቀማል። «ካንሰሩን ለይተሽ ማስራብ አትችይም። የተራበችው እሷ ናት» አለቻት። ከመጠን ያለፈ ጣፋጭና ለስላሳ ለማንም እንደማይጠቅም፣ የስኳር በሽታ ያለበት ሰውም የራሱ ሐኪም የሚለውን መስማት እንዳለበት ነገረችን። «እሷ ግን የስኳር በሽታ የለባትም። ቆጮዋን፣ ዳቦዋን፣ ፍራፍሬዋን ትብላ። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ወተት ትጨምር። ዓሣው በደንብ ይብሰል፣ ጥሬውን እንዳትነካ፤ ወተቱም ይፈላ። ሻይዋ ውስጥ ስኳር ብትፈልግ ይጨመርላት።»

የዚያን ቀንም መድኃኒቱ አልተሰጠኝም። ዶክተሩ አንድ ተጨማሪ ሳምንት ሰጠን። «አሁን ካልተነሳሽ ሕክምናውን እንደገና ማሰብ ሊኖርብን ነው» አለ። እንደገና ማሰብ ምን ማለት እንደሆነ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ። ሳልጠይቀው ስለቀረሁ የመጨረሻውን ክፉ ነገር ነው ያሰብኩት።

ባጃጅ ውስጥ ታደለች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ልገድልሽ ነበር እኮ» ትላለች። «በእጄ ልገድልሽ ነበር።» እጇን ያዝኩት።

ቤት ስንገባ ቆጮ አቀረበችልኝ፣ እንቁላል ጠበሰች፣ ብርቱካን ላጠችልኝ። «እነ እማማ ዳራሬን ግን ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?» አለች። «ስንት ጊዜ መራራ ሻይ አጠጥቻቸው፣ ስህተት ነበር ልበል? አንቺ ብቻ ብዪ። ረቡዕ ሲመጡ እንደ ድሮው ባዶውን እንጠጣለን። ማን ያውቃል?»

እሺ አልኩ። ብርቱካኑን ጎረስኩ። አልዋጥ አለኝ። እነሱ ለእኔ ብለው በእግዚአብሔር ፊት የተዉትን እኔ በር ዘግቼ ስበላው ታየኝ። በዚህ ምክንያት ጸሎታቸው ባይሰማስ? እብጠቱ ቢመለስስ? ሞኝነት ነው ትሉ ይሆናል። አንገታችሁን እየዳበሳችሁ ብትኖሩ እናንተም ታስቡት ነበር። ምግቡ በፊቴ ሞልቶ፣ ፈቃድ አግኝቼ፣ ከጎመኑ ጊዜ ብዙም ያልበለጠ እየበላሁ ቀናት አለፉ። ታደለች ሳህኑን ስታነሳ የተረፈውን ታያለች። የቀጠሮው ቀን እየቀረበ ነው። ሚዛኑ ይታየኛል።

ረቡዕ መጡ። ጸለዩ። እማማ ዳራሬ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው በሲዳሙ አፎ፣ በገዛ ቋንቋቸው፣ ሲጸልዩ ድምፃቸው ተሰበረ። ከዚያ ታደለች ሻዩን አቀረበች፣ ሁሉንም ባዶ። እኔን አላየችኝም።

እዚያ ቤት ውስጥ፣ ያን ሁሉ ጊዜ፣ ከአሜን በቀር ድምፄ ተሰምቶ አያውቅም። ብርጭቆውን አነሳሁ። ሻዩ ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ።

«ስኳር ጨምሩልኝ» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም፤ በሹክሹክታ ነበር ያልኩት።

«ስኳር ጨምሩልኝ!» አልኩ ደግሜ። አሁን ድምፄ ጮኸ። ራሴንም አስደነገጠኝ።

ታደለች ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። እኔ አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ፤ መውደቄን፣ ግሉኮሱን፣ ሲስተሯ ያለችውን፣ መድኃኒቱ ሁለት ጊዜ መቅረቱን፣ ብርቱካኑ አልዋጥ ማለቱን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። መጨረሻ ላይ «ይቅርታ» አልኩ። ለምን እንዳልኩት አላውቅም።

እማማ ዳራሬ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ርቦሽ ነበር?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈርቼ።»

«ካንሰሩን?»

«እርስዎን።»

ያቺ ኮሶ ነው ያለችው ሴት ሳቋ አመለጣት፤ አፏን በእጇ ያዘች። እማማ ዳራሬ ግን አልሳቁም። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ።

«እግዚአብሔር ስኳር ተዉ አላለንም። እኛ ነን ያልነው» አሉ። «ታደለች፣ ስኳሩ የታለ?»

«የለም፣ እማማ። ከቤት ካወጣሁት ቆየሁ።»

እኔ እሄዳለሁ፣ እኔ እሄዳለሁ ሲባል እሳቸው ቀድመው በሩን አለፉ። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው። በመስኮት አየኋቸው፤ እያነከሱ፣ ባጃጆቹን በእጃቸው እያስቆሙ ተሻገሩ። በፌስታል ይዘው ሲመለሱ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። አጠገቤ ተቀምጠው ራሳቸው ጨመሩልኝ።

«ይበቃል?»

«ይጨመር።»

ጨመሩ፣ አማሰሉ፣ በእጃቸው ወደ አፌ አስጠጉልኝ። ቀዝቅዞ ነበር። እስኪያልቅ ጠጣሁት። ከዚያ ለራሳቸው ብርጭቆ ጨመሩና ፌስታሉን ለቀጣይዋ አሳለፉ። «እንጸልያለን፤ ግን እየበላን» አሉ። ታደለች ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ይሰማን ነበር። ስትወጣ ሰፌድ ሙሉ ዳቦ ይዛ ነው።

ዛሬ ሕክምናዬን ጨርሻለሁ። የመጨረሻው ምርመራ በሽታው አይታይም ብሏል፤ ለክትትል ግን እመላለሳለሁ፤ ቀጠሮ ሲደርስ አሁንም እጄ ወደ አንገቴ ይሄዳል። ፍርሃቱ ይለቃል ብዬ አልዋሻችሁም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ምግብ ከመተዋችሁ በፊት የሚያክማችሁን ሰው ጠይቁ። መጠየቅ ካፈራችሁ፣ እንደ እኔ ከሆናችሁ፣ ቢያንስ «ምን በላሽ?» ስትባሉ እውነቱን መልሱ። የሚወዷችሁ ሰዎች በእናንተ ፈንታ ሲመልሱ ዝም አትበሉ።

ከዚያ ረቡዕ በኋላ የነበረውን የቀጠሮ ቀን ነግሬያችሁ ላብቃ። ሚዛኑ ላይ ስወጣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሲስተሯ ቁጥሩን ጻፈች፣ የደሜን ውጤት አየች፣ ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ምን በላሽ?»

ታደለች አፏን ከፈተች፤ መልሳ በእጇ ያዘችው።

«ቆጮ በዓሣ» አልኩ። «እንቁላል። ሙዝ። ስኳር የበዛበት ሻይ።»

«ሌላስ?»

«ሌላም ካለ እበላለሁ።»

ሲስተሯ ስቃ ወደ ዶክተሩ ገባች። ስትመለስ ሁላችንም ሕመምተኞች የምንፈራውን ቀዩን የኬሞ መድኃኒት ይዛ ነበር። ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ክንዴ ቀዘቀዘኝ። እንደ በፊቱ ፈራሁ። የዚያን ቀን ግን የፈራሁት ጠግቤ ነበር።